ከፒክአፑ ሥር የሚመጣው ድምፅ

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ከሁሉ የሚናፍቀኝ ድምፁ ነው፤ በተለይ ከመኪና ሥር ሲመጣ። ፊት ለፊት ተቀምጠን የማይነግረኝን ነገር፣ ጆንያ አንጥፎ በጀርባው ተኝቶ፣ ፒክአፑን እየጠገነ ነበር የሚነግረኝ።

ያኔ እኛ ያለንበት ነጌሌ ሞባይል አልገባም ነበር። እሱ ከቦሬ ድንችና ጥቅል ጎመን እየጫነ ወደ እኛ ገበያ ያወርዳል። አንድ ቅዳሜ ቦሬ ዘመድ ሊጠይቁ ሄደው የነበሩትን፣ አዮ የምንላቸውን እናቱን ይዞ ተመለሰ። ጭነቱን እንዳራገፈ ምሳ እንኳ ሳይቀምስ መኪናውን ግቢያችን ያለው ግራር ሥር አቆመና፣ "ነይ እስቲ፣ ፍሬን ርገጪልኝ" አለኝ።

"ጋራዥ አትወስደውም?"

"እዚያ ድረስም አልነዳውም።"

ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። ሞተሩ እንደጠፋ ወንበሩ ላይ ወጥቼ ፔዳሉን ረግጬ ያዝኩ። መጀመሪያ ጠንከር አለ፤ ከዚያ ጭቃ የረገጥኩ ይመስል ቀስ እያለ ሰመጠ። ነገርኩት። ኮፈኑን ከፍቶ የፍሬን ዘይቱን ሲያይ ጎድሏል። "የሆነ ቦታ ያፈሳል" አለና ጎማዎቹን በየተራ በእጁ እየዳበሰ ዞረ። የኋላው ግራ ጎማ በውስጥ በኩል እርጥብ ነበር። ጣቱን አሸተተና ራሱን ነቀነቀ። በክሪክ አንስቶ ጎማውንና የፍሬኑን ክብ ሽፋን፣ ታምቡሩን፣ ሲፈታ፣ ዘይቱን የሚያግደው ትንሹ ላስቲክ ተቀዷል፤ የፍሬን ሸራውም በዘይት ርሷል።

ሁለቱንም ከመለዋወጫ ሳጥኑ አውጥቶ ቀየራቸው። የቀረው መስመሩ ውስጥ የገባውን አየር ማስወጣት ነበር። እሱ ከሥር፣ እኔ ከላይ። እጁ ዘይት ሲነካ አማርኛው ይጠፋዋል፤ በኦሮምኛ ነበር የሚያዘኝ። "ዲቢ!" ሲለኝ እረግጣለሁ። የአየር ማስወጫውን ቡሎን ላላ አድርጎ ዘይቱን ከነአረፋው ያፈስና መልሶ ያጠብቀዋል። "ጋዲሲ!" ሲለኝ እለቃለሁ።

በመሀል ድምፁ ዝቅ አለ። "የቦሬን ቁልቁለት ስወርድ ፔዳሉ ወለል ነካ።"

እግሬን ከፔዳሉ ሳላነሳ በመስኮቱ ወደ ታች ጎነበስኩ። "ከዚያስ?"

"ማርሽ ቀነስኩ። በእጅ ፍሬን እየያዝኩ ከመንገዱ ዳር ካለው አፈር ጋር አስጠግቼ አቆምኩት። ዘይት ጨምሬበት እንደ ኤሊ እየተጎተትኩ መጣሁ። አዮ ምንም አላወቁም፤ ሽንት ልሸና ነው አልኳቸው። አንቺ ነሽ የታወስሽኝ። እዚያ ብቀር ማን ይነግራታል ብዬ አሰብኩ።"

ፔዳሉን አጥብቄ ረገጥኩት።

"ይዘሻል?" አለ።

"ይዣለሁ" አልኩት።

ለካ እናቱ ከግራሩ ማዶ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይሰሙን ኖሯል። "ያ ረቢ! አላወቁም ይላል!" አሉ። "ነፍሴ ልትወጣ ነበር። እንዳትደነግጥብኝ ብዬ ነው መንገዱን ሙሉ ስለ ከብት ሳወራልህ የመጣሁት።"

ከሥር ሳቀ። ሲስቅ የያዘው መፍቻ ከብረቱ ጋር እየተጋጨ ይንኳኳ ነበር። እኔም ሳቅኩ፤ እንባዬ እየመጣ ሳቅኩ።

ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ሲጠነክር ጎማውን መልሶ ገጥሞ፣ እጁን ታጥቦ መጣና እኔን ከሹፌሩ ወንበር አላስነሳኝም። በሌላው በር ገብቶ ተቀመጠ። "አንቺው ሞክሪው።" መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ግን ከከተማ ወጥቼ አላውቅም ነበር። ወደ ወደራ ከተማ በሚወስደው መንገድ ይዤው ወጣሁ። ሰው የሌለበት ሜዳ ላይ ስንደርስ "ፍሬን!" አለኝ። ረገጥኩት። መኪናው ወደ ጎን ሳይስብ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ክንዱን በመስኮቱ አውጥቶ ፊት ለፊት ያለውን ቀይ መንገድ ሲያይ ቆየ። ያን ያህል ዘና ብሎ አይቼው አላውቅም። ከዚያ "ሠርቷል፤ በይ እንመለስ" አለኝ።

አዞርኩት። ዛሬ ቢሆን ፍሬኑን ገና አላመንኩትም ብዬ፣ እሱን ከጎኔ አስቀምጬ እስከ ወደራ እነዳው ነበር።