የተከደነው ዓይን

መጽሐፉን የገዛሁላት እኔ ነኝ፤ መገናኛ መሬት ላይ ዘርግተው ከሚሸጡት። ልጄ ስልኬን አልለቅ ብላ አስመርራኝ ስለነበር ንባብ ትልመድ ብዬ ነው። ልጆች ሰላይ የሚሆኑበት መጽሐፍ ነው፤ ሰላዩም አንባቢው ራሱ ነው። እንቆቅልሹን ትፈቺና፣ በመስኮት የምትገቢ ከሆነ ወደዚህ ገጽ፣ በበር የምትገቢ ከሆነ ወደዚያ ገጽ ሂጂ ይልሻል። ከተሳሳትሽ ትያዣለሽ፤ ገጹን መልሰሽ ገልጠሽ እንደገና ትሞክሪያለሽ። ማንም አይደማም። እኔ ሞኟ፣ ደም የሌለበት መጽሐፍ ሰው አያስደማም ብዬ ነበር።

የምንኖረው የካ፣ ወደ እንጦጦ በሚያስወጣው ዳገት ላይ፣ ባህር ዛፉ ከሚጀምርበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። በዚያ ሰሞን የሰፈሩን ሰው ነገር ነገር ይለው ነበር። የውሃ ቆጣሪ ይነቀላል፣ ልብስ ከተሰጣበት ይወሰዳል፤ በዚያ ላይ ሰፈሩ ሊፈርስ ነው የሚል ወሬ አለ። እኛ ዘንድ በር ላይ ቀይ ምልክት ታየ ማለት ወይ ቤቱ ይፈርሳል፣ ወይ ሌባ ለጓደኛው ጠቁሞ ሄዷል ማለት ነው። ሌላ ትርጉም የለውም። ልጄ ይህን አታውቅም፤ ማን ነግሯት።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ውስጥ ልብስ ሳሰጣ ጩኸት ሰምቼ ወጣሁ። አንድ ቆራሌ፣ አሮጌ ጫማና የተሰባበረ ዕቃ እየዞረ የሚሰበስብ ጎልማሳ፣ ጭቃ ላይ ወድቋል። ጆንያው ተበትኗል። ባለሱቁ ጎረቤታችን በሩ ላይ በቀይ ጠመኔ የተሳለ ዓይን አግኝቷል፤ የተከደነ፣ ሽፋሽፍቱ ወደ ታች የተንጠለጠለ። ቆራሌው ምን ይሆን ብሎ በጣቱ ነካ ሲያደርገው ደግሞ አይቶታል። በቃ። ጣቱ ቀልቷል፤ ሌላ ማስረጃ ማን ፈለገ?

ዱላው ጀርባው ላይ ሲያርፍ እርጥብ እንጨት የሚፈለጥ ይመስላል። አንዱ ወገቡን በጫማ ይረግጠዋል፤ ሌላው ድንጋይ ያነሳል። ከፍ አድርጋ ተናግራ የማታውቅ ጎረቤቴ ዘነዘና ይዛ ወጥታ አፉ ላይ መታችው። ጥርሱ ከደም ጋር ወጣ። አንድ ወጣት ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጻል።

"በሕግ አምላክ" ብዬ ጮህኩ። አባቴ ይህን ሲል የተነሳ ዱላ አየር ላይ ሲቆም በልጅነቴ አይቻለሁ። ያን ቀን ግን ማንም ዞር አላለም፤ ከባለሱቁ በስተቀር። "አንቺ ግቢ፤ የሌባ ጠበቃ አትሁኚ" አለኝ። ጠላሁት። እውነቱን ለመናገር ዛሬም አልወጣልኝም።

ያን ጊዜ ነው በሩ ላይ ያለውን ዓይን ልብ ብዬ ያየሁት። የማውቀው ዓይን ነው፤ ከልጄ መጽሐፍ ሽፋን ላይ ያለው። ዞር ስል ልጄ ከኋላዬ ቆማ በሩን ታያለች። ሰውየው ሊሞት ነው፤ ልጄንስ በዚያ ሁሉ ዱላ መሃል እንዴት አድርጌ ላቁማት? እጇን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። አመለጠችኝ።

በሰው እግር መሃል ሾልካ ከሰውየው ራስጌ ቆመች። "እኔ ነኝ የሳልኩት" አለች። ከመሃል የተሰነዘረ ዱላ በፀጉሯ ላይ አልፎ የሰውየውን ክንድ መታው፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ሮጬ ገብቼ በላይዋ ተደፋሁ። ጀርባዬ ላይ ያረፈው ምት ብርድ በመጣ ቁጥር ያመኛል።

"ልጅ ናት፤ አሳዝኗት ነው የምትዋሸው" አለ አንዱ።

ልጄ ከሥሬ ወጣች። ከኪሷ ቀይ ጠመኔ አውጥታ ወደ በሩ ሄደችና ከዓይኑ አጠገብ ሌላ ዓይን መሳል ጀመረች። ቀስ ብላ፣ ሽፋሽፍቱን አንድ በአንድ። ስትጨርስ ሁለቱ ዓይኖች አንድ ዓይነት ነበሩ። የተነሱት ዱላዎች ዝቅ አሉ። የሚቀርጸውም ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ቆራሌው በደህናው እጁ ተደግፎ ቀና አለ። አፉ በደም ስለተሞላ መጀመሪያ ተፋ። "ምን ማለት ነው፣ እናቴ?" ብሎ ልጄን ጠየቃት። ድምፁ ውስጥ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ።

"የወዳጅ ቤት ማለት ነው" አለች። "ሰላዩን ሲያባርሩት አንኳኩቶ ይገባል፤ እነሱም ይደብቁታል።"

ደግ ነው ያለችውን ሰው ሁሉ መርጣ በሩ ላይ ይህን ዓይን ስላበታለች። ባለሱቁ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከረሜላ ይሰጣታል። ባለዘነዘናዋ ዝናብ ሲይዛት ታስጠልላታለች። የእነሱንም በር አንድ በአንድ አሳየችን፤ ሰዎቹ ግን ወደየበራቸው ማየት አልፈለጉም።

ባለሱቁ ዱላውን ጥሎ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። "ይግቡ፣ ወንድሜ፤ ይግቡና ደሙን ልጠብልዎት" አለ። እያለቀሰ ነበር።

ቆራሌው የተከፈተውን በርና ሁለቱን ዓይኖች ተራ በተራ አየ። "እዚሁ ደጅ ይሻለኛል" አለ።

ልጄ ከቤታችን ውሃ አምጥታ አጠጣችውና ጭቃው ላይ አጠገቡ ተቀመጠች። ወደ ሐኪም የሚወስደው መኪና እስኪመጣ ድረስ ሁለቱም ከዚያ አልተነሱም፤ ባለሱቁም በሩን መዝጋት አቅቶት እዚያው ቆሞ ቀረ።