በረንዳችን ላይ የነበረው ልብስ ሰፊ

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የችርቻሮ ንግድና የልብስ ሸቀጥ አቀራረብ እማራለሁ ስላቸው የዲላ ሰዎች ሁለት ዓይነት መልስ ነበራቸው። ግማሹ «እሱንማ እናትሽም ታውቀዋለች» ይለኛል፤ ግማሹ ዝም ብሎ ያዝንልኛል። ሕክምና፣ ሕግ፣ ቢጠፋ ቢጠፋ አስተማሪነት እያለ ጨርቅ መሸጥ ለመማር አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ለማንም አልገባውም። እውነቱን ለመናገር ለእኔም እስከ ሦስተኛው ዓመት ድረስ ብዙ አልገባኝም ነበር።

እናቴ ዲላ ላይ ብትን ጨርቅ ትሸጥ ነበር። አባቴ ሲሞት ሱቁን ከነመደርደሪያው ተረከበች፤ ካኪ፣ አቡጀዲ፣ ቴትሮን፣ አበባ ያለው የቀሚስ ጨርቅ፣ ጣቃ በጣቃ ላይ ተደራርቦ። ሱቁ ጠባብና ጨለማ ነው። ብርሃን የነበረው በረንዳው ላይ ብቻ ስለሆነ እዚያ፣ ከበሩ በስተቀኝ፣ ልብስ ሰፊያችን መኪናውን ዘርግቶ ይቀመጥ ነበር። ዲላ አጠገብ ካለችው ከጪጩ የመጣ ነው፤ ጌዴኦ፤ ስፌት የተማረው ከሚሲዮን ነው፤ አይጠጣም፣ አይምልም። አማርኛው ወንድና ሴት ብዙ አይለይም፤ ጨርቅን «እሷ» ይላል፣ እናቴን «እሱ» ይላል። እናቴ አንተ ትለዋለች። እኔም ከእሷ ወስጄ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆነውን ሰው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አንተ ስለው ኖሬያለሁ። ይህን ሳስተውል ብዙ ዘግይቼ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ያስተማረን መምህር የውጭ አገር ሰው ነበር። ቁመተ ረጅም፣ እጁን ከኪሱ የማያወጣ፣ ስለ ሱቅ ሲያወራ ግን እንደ ሰባኪ የሚሞቀው። በሚያስተምርበት መጽሐፍ ውስጥ ጭንቅላት የሌላቸው አሻንጉሊቶች ኮት ለብሰው በመስታወት ኋላ ቆመዋል፤ በሮቹ ሰፋፊ ናቸው፤ ወለሉ ያብለጨልጫል። ከትምህርቱ ሁሉ አንድ ነገር ደጋግሞ ይለን ነበር፦ በገበያተኛውና በዕቃው መካከል ምንም ነገር መቆም የለበትም። እኛም ጻፍነው። ፈተና ላይም ይመጣ ነበር።

ለዓመቱ ጽሑፍ እያንዳንዳችን አንድ ሱቅ እንድንመርጥ፣ ገበያተኛው ከበሩ እስከ ባንኮኒው የሚያደርገውን እያየን እንድንመዘግብ፣ በመጨረሻም ባለሱቁን እንድንመክር ታዘዝን። ጓደኞቼ የአዲስ አበባን ትልልቅ መደብሮች ሲሻሙ እኔ የጥርን ዕረፍት ተገን አድርጌ አውቶቡስ ተሳፈርኩና አቧራ ለብሼ እናቴ ሱቅ ገባሁ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ባንኮኒው ጥግ ዱካ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩ። የማየው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። ከወርቃ ወይም ከኮንጋ ገጠር የመጣ ገበሬ፣ ብዙ ጊዜ ከሚስቱ ጋር፣ ወደ ሱቁ አይገባም፤ መጀመሪያ በረንዳው ላይ ከሰፊው ጎን ያለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ረዥም ወሬ በጌዴኦኛ ይካሄዳል። ከዚያ ሰፊው ተነስቶ ይገባል፣ ጣቃውን ራሱ ጎትቶ ያወጣል፣ ጫፉን ፀሐይ ላይ ይዘረጋል፣ አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ ያሻል። ሲያበቃ ወደ እናቴ ዞሮ «ሁለት ሜትር ተኩል» ይላል። እናቴ ብትጠየቅ ሦስት ትል ነበር። ሰፊው ግን ቅዱን እያጠጋጋ፣ ኪሱን ከክንዱ ትርፍ እያወጣ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ግማሽ ሜትር ያስቀራል። እኔም ይቺን ሱቁ የሚያጣትን ግማሽ ሜትር በደስታ መዘገብኳት። ያገኘሁት ነገር ነበረች።

አንድ ጊዜ ሰፊው ለቀብር ወደ ጪጩ ሄዶ ሁለት ቀን ቀረ። በእነዚያ ቀናት የገቡት ሰዎች እናቴ ያለቻቸውን ያህል አስቆርጠው ሄዱ። የገቡት ሰዎች ቁጥር ከወትሮው ማነሱንም ጽፌዋለሁ፤ ምክንያቱን «የገበያ ቀን ስላልነበረ» ብዬ አለፍኩት።

ስጽፍ ሲያየኝ ሰፊው አንድ ልማድ አወጣ። መቀሱን ከማስገባቱ በፊት ቀና ብሎ ያየኛል፣ ጨርቁን ወደ እኔ ያዞረዋል። «ይቺ ስትታጠብ ታጥራለች» ይለኛል። «ይቺ ደግሞ ለሕፃን አትሆንም፣ ትኮሰኩሳለች።» እኔ በትሕትና ራሴን እነቀንቃለሁ፤ እርሳሴ ግን አይነቃነቅም። የሚጎርር መስሎኝ ነበር። ጽሑፌ ስለ ጨርቅ አልነበረም፤ ስለ ሰው እግር አካሄድ ነበር።

ጽሑፉ ውስጥ «እንቅፋቶች» የሚል ርዕስ ነበረኝ። በርዕሱ ሥር ሦስት ነገሮች ቆጠርኩ፦ ደፉ አጠገብ የሚቀመጠው የጨው ጆንያ፣ የውስጡ ጨለማ፣ ግማሽ በር የሚዘጋው የስፌት መኪና። ሰውየውን አልጻፍኩትም። መኪናውን ነው የጻፍኩት። ምክሬም አጭር ነበር፤ መስኮቱ በመስታወት ይተካ፣ በሩ ነጻ ይሁን።

መምህሩ ከክፍሉ ከፍተኛውን ውጤት ሰጠኝ፤ አንዱን ገጽ ለሁሉም አነበበው። ደስ አለኝ። ዛሬም ሳስበው ያ ደስታ ትዝ ይለኛል፤ አልነበረም ብዬ ልክደው አልችልም። ከደስታዬ ብዛት ጽሑፉን ቁጭ ብዬ ወደ አማርኛ መለስኩና በጥሩ ወረቀት ገልብጬ ለእናቴ ላክሁላት። ብዙ ዓመት ያስተማረችኝ ናት፤ ፍሬውን ትይ ብዬ ነው። እናቴ ንባቧ የቄስ ትምህርት ነበር፤ ቀስ እያለች ሦስት ቀን አነበበችው አሉ።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። እናቴ እምቢ አላለችም። ምክሩን ሰማች፣ መከራው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሐምሌ ላይ ለክረምት ዕረፍት ስመለስ ሱቁን አላወቅሁትም። ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና የመጣ ትልቅ መስታወት መስኮቱ ላይ ተገጥሟል፤ በላዩ ላይ መኪኖች የረጩት ጭቃ እስከ ወገቡ ደርሷል። ጆንያው የለም። በረንዳው ባዶ ነው፤ አንድ ወንበር ብቻ ቀርቷል። እናቴ የክት ቀሚሷን ለብሳ ባንኮኒው ኋላ ቆማለች።

«እንዴት ነው?» አለችኝ። «እንደ መጽሐፍሽ ሆነ?»

ሆኗል። ልክ እንደ መጽሐፉ ነበር። ሰው ብቻ አልነበረበትም።

ከመንገዱ ማዶ ያለው ጨርቅ ሻጭ በረንዳ ላይ ግን ከዝናብ የተጠለለ ሰው ሞልቷል፤ በመካከሉ የኛ ሰፊ መኪናውን እየረገጠ ነው። እናቴ «ቦታው ጠበበን» ብላ ነግራው ነበር፤ ስለ እኔ ወረቀት ትንፍሽ አላለችም። እሱም የጀመረውን እስኪጨርስ አንድ ሳምንት ለምኖ፣ ጨርሶ፣ መኪናውን በሁለት ተሸካሚ አሻግሮ ሄደ።

በማግስቱ ዱካዬ ላይ ተቀምጬ በልማዴ ገበያተኛ መቁጠር ጀመርኩ። እስከ ምሳ ድረስ የአንድ ጸሐፊ ሚስት ገባች፣ ዳንቴል ጠይቃ ወጣች። ከገጠር የመጡት ግን እናቴን ከመንገድ ላይ ጎንበስ ብለው እጅ ይነሷትና ወደ ማዶ ይሻገራሉ። በዚህ ጊዜ ነው ሦስት ሳምንት ሙሉ ምን እንዳልጻፍኩ የገባኝ። አግዳሚው ላይ ምን ይባል እንደነበር አላውቅም። ዲላ ተወልጄ ዲላ አድጌ ጌዴኦኛዬ ከሰላምታ አያልፍም ነበር። እናቴም ሃያ ዓመት ሸጣላቸው ያው ነበረች።

«ምን ይላቸው ነበር?» አልኳት።

«ምን ይላቸዋል፤ ይቺ ለቤተ ክርስቲያን ትሆናለች፣ ይቺ ለቡና ለቀማ፣ ይቺን ተይ ይላቸዋል» አለች ጨርቅ እያጠፈች። «ያቺን ግማሽ ሜትር እያስቀረላቸው አይደል እንዴ ስንቱን ሱቅ አልፈው እኔ ጋ የሚመጡት።»

እጄ ላይ የነበረውን እርሳስ አስቀመጥኩ። «ታውቂ ነበር?»

«እንዴት አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን አስወጣሽው?»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ፤ ጥያቄው ሞኝነት መስሏት ነበር። «አንቺ ጻፍሽ» አለችኝ። «እኔ ከዩኒቨርሲቲ ልበልጥ ነው?»

እናቴ የዓመቱን ገበያ የምትሠራው ቡናው ቀልቶ ገበሬው እጅ ላይ ብር በሚገባባቸው ሁለት ወራት ነው። መስታወቱ የያዘችውን ሁሉ በልቶባታል። ሰፊው እስከ ጥቅምት ካልተመለሰ ለሚቀጥለው ዓመት ጨርቅ የምታመጣበት ገንዘብ አይኖራትም፤ ሱቁን ትለቃለች። ይህን የነገረችኝ ስለ አየሩ እንደምታወራ ሆና ነው። ራሷ ሄዳ ልትለምነው ግን አልፈለገችም። «ያስወጣሁትን ሰው በምን ፊቴ?» አለች። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ልመናውም የኔ ሆነ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ መንገዱን ተሻገርኩ። እናቴ በሩ ላይ ወጥታ ቆመች። ሰፊው አጠገብ አግዳሚው ላይ አንዲት የኮንጋ ሴት ሰማያዊ ጨርቅ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ተራ ትጠብቃለች።

«ጋሼ፣ እንደምን አሉ?» አልኩት። አንቱ ስለው የመጀመሪያዬ ነው፤ ለልመና ስሄድ ትዝ አለኝ። ፈገግ አለ።

የመጣሁበትን ነገርኩት። ወደ ቀድሞ ቦታዎ ይመለሱ፣ በረንዳው የእርስዎ ነው፣ እናቴ ተቸግራለች አልኩት። እግሩን ከመርገጫው ላይ አነሳ።

«አይሆንም ልጄ» አለኝ። «ይኼ ሰውዬ ቦታ ሰጠኝ፣ እኔ ቃል ሰጠሁ። ቃል ሰጥቶ መነሳት አይሆንም። እናትሽን አልተቀየምኩም። ደህና ሰው ነው። ጠበበን አለኝ፣ ጠበባቸው፤ ምን ይደረጋል።»

ልሄድ ስል መልሶ ጠራኝ።

«አንቺ ያኔ ስትጽፊ እኔ ለሰው ሁሉ እነግር ነበር» አለኝ። «ተማሪዋ ከእኔ ይማራል፣ ዩኒቨርሲቲም የእኔን ሥራ ያስተምራል እል ነበር። ቀስ ብዬ የምቆርጠው ላንቺ ነው፤ እንድታዪ።» ክሩን በጥርሱ በጠሰ። «ስለ እኔ ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

እውነቱን ብነግረው ወይ ይገባው፣ ወይ አይገባው። አልሞከርኩም።

«የሱቁ ዋና ሰው እርስዎ ነዎት ብዬ ነው የጻፍኩት» አልኩት።

ፊቱ በራ። ወደ ኮንጋዋ ሴት ዞሮ በጌዴኦኛ ረዘም አድርጎ ነገራት፤ እጁ አንዴ ወደ እኔ፣ አንዴ ወደ መኪናው ይጠቁማል። ሴትዮዋ ለሽማግሌ እንደሚነሳ ሰው ከአግዳሚው ተነሳችና ቦታዋን ለቀቀችልኝ። አፈርኩ፤ ከምንም በላይ አፈርኩ። እምቢ ማለት ግን ነውር ነበርና ተቀመጥኩ።

እናቴ ከማዶ ታየናለች። ሰፊው እየሳቀ ሲያወራ፣ እኔም አጠገቡ አግዳሚው ላይ ስቀመጥ አየች። ወዲያው ወደ ውስጥ ገባች፤ መጥረጊያ ይዛ ወጣች፤ በረንዳው ላይ የቀረውን ወንበር ወደ ጥግ ገፋ አድርጋ የስፌት መኪናውን ቦታ መጥረግ ጀመረች።