ባለደወሉና የግርማ ካሴት

ትናንት ለቅሶ ላይ ተሳደብኩ። አዎ፣ ድንኳን ውስጥ፣ ንፍሮ በእጄ ይዤ። ደብረ ብርሃን ያላችሁ ዘመዶቼ ወሬው ሳይደርሳችሁ አይቀርም... እንግዲያው ከራሴ አፍ ስሙት።

የጎረቤት ለቅሶ ነው። ከፊቴ ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ ተቀምጧል። ስልኩ ጠራ። መጀመሪያ ቫዮሊኖች... ከዚያ ጸጥታ... ከዚያ አንድ ደወል። ንፍሮው ከእጄ ተበተነ።

ይቺን ሙዚቃ የማውቃት በደርግ ጊዜ ነው። ያኔ እሁድ ከሰዓት የቀበሌያችን አዳራሽ የፈረንጅ ፊልም ያሳይ ነበር። ሌላው ሰው የሚመጣው ለተኩሱና ለፈረሱ ነው። እኔና ታላቅ ወንድሜ ግርማ ግን የምንሄደው ለሙዚቃው ነበር። የሙዚቃው ደራሲ ስም በሚያልፍበት ሰዓት ሰው ገና ወንበር እየተሻማ ስለሚጋርደን አንብበነው አናውቅም። በቫዮሊኖቹ መሀል ሁልጊዜ አንድ ደወል ጣል ስለሚያደርግ እኛው «ባለደወሉ» አልነው።

አንድ ቀን ጭራሽ ሌላ ፊልም ላይ ያው ደወል ሲመጣ ግርማ ጭኔን በጥፊ አጮለኝ። «እሱ ነው! እናቴ ትሙት እሱ ነው!»

ከአዳራሹ ስንወጣ እስከ ቤት ድረስ ክርክር ነው።

«ሰውየው ሊሞት መሆኑን ቫዮሊኖቹ ቀድመው ያውቃሉ፣ ልብ ብለሻል?» ይለኛል።

«ታዲያ ቢነግሩት ምን ነበረበት!» እለዋለሁ።

«ነገሩት እኮ! እሱ መች ይሰማል!»

አንድ እሁድ ግርማ አንኮበር ከሚያስተምረው አጎታችን ቴፕ ተውሶ መጣ። ባለደወሉን ሊቀዳው! ቴፑን ግራ ብብቱ ስር ሸጎጠና ባናውን ደረበበት። በእኛ አገር ብርድ ወፍራም ባና ተከናንቦ ፊልም የሚያይን ሰው ማን ይጠረጥረዋል?

ደወሉ ሊመጣ ሲል ከኋላችን የተቀመጡት ማውካካት ጀመሩ። ግርማ እየቀዳ መሆኑን ረሳና ዞሮ ጮኸባቸው። «ዝም በሉ እንጂ! ባለደወሉ መጣ!»

አዳራሹ ሳቀ። እሱም ጮክ ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «በቃ፣ እኔም ገባሁበት» አለኝ።

ፊልሙ አለቀ። ያኔ መፈክር ሳያሰሙ ከአዳራሽ መውጣት የሚባል ነገር የለም። ካድሬው መድረክ ላይ ይወጣል፣ ሁሉም ብድግ ብሎ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ ያነሳል። ያ ሞኝ ወንድሜ ቴፑን በየትኛው ብብቱ እንደያዘ አስታውሱ! ቀኙን ቢያነሳ ጉድ ነው፣ ጭራሽ ባያነሳ የባሰ ጉድ ነው። ግራውን አነሳ። ቴፑ ዷ ብሎ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ።

ካድሬው ጓድ በላይ ይባላል። ተቆጣ፣ ፎከረ፣ «የማን ሰላይ ነህ?» አለ። በስንት ልመና ቴፑን መለሰልን። ካሴቱን ግን «ይመረመራል» ብሎ ኪሱ ከተተው።

ብዙም ሳይቆይ ግርማን ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። መኪናው ላይ ሆኖ ምን ብሎ እንደጮኸልኝ ታውቃላችሁ? «ካሴቱን አስመልሺ!» ... እኔም ሳቅሁ። ሳቅሁ እኮ! ከዚያ በኋላ የመጣልን መርዶው ነው።

እናቴ «ድምፁን አንዴ ብሰማው... አንዴ ብቻ» ማለት አበዛች። ካሴቱ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ሄጄ ጓድ በላይ እግር ላይ ወደቅሁ። የወንድሜ ድምፅ አለበት፣ እናቴ ትስማውና እመልሳለሁ አልኩት።

«ተቃጥሏል» አለኝ።

ደግሜ ሄድኩ። «ተቃጥሏል አልኩሽ እኮ! አማርኛ አትሰሚም?»

እናቴ እንደጓጓች አፈር ገባች። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ተቀመጥኩ።

ወደ ትናንቱ ልመለስ። ሽማግሌው ስልኩን ሊያይ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ ሲያደርግ ለየሁት። እሱ ግን አላወቀኝም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

«አቶ በላይ፣ ይቺን ሙዚቃ ከየት አገኟት?» አልኩት፣ ድምፄን አለዝቤ።

ፊቱ በራ። «አወቅሻት? እኔ እኮ ከጥንትም የዚህ ሰውዬ ወዳጅ ነኝ! ከአንድ ልጅ የቀማኋት ካሴት ነበረችኝ፣ ስንት ዓመት እቤቴ ሰማኋት መሰለሽ።»

«አልተቃጠለችም?»

«ኧረ ምን በወጣት! አንድ ጯሂ አበላሻት እንጂ ጥሩ ነበረች። ደወሉ ጋ ሲደርስ "ዝም በሉ" እያለ ይለፈልፋል። በቀደም ልጄ ንጹሑን ስልኬ ላይ ሲጭንልኝ ካሴቷን ጣልኳት።»

ጣልኳት! እናቴ አንዴ ልስማው ብላ ለምና የተነፈገችውን ድምፅ እሱ አልጋው ላይ ተጋድሞ ሲሰማው ኖረ። ሰማው ሰማውና ጣለው። ያውም በቀደም! ትንሽ ቀድሜ ባገኘው ኖሮ እኮ... ተዉት፣ ይሄን ሳስብ ደሜ ይፈላል።

«ጯሂው ወንድሜ ነው» አልኩት። «ግርማ። እግርዎ ላይ ወድቄ የለመንኩዎት።»

ማኘኩን አቆመ። አየኝ... አየኝ... አወቀኝ። ይቅርታ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ፣ እውነቴን ነው። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ልላክልሽ? ይሄኛው ጥርት ያለ ነው፣ ማንም አይጮህበትም።»

አንቱታው እዚያ ላይ አበቃ። «አንተ ሌባ! አንተ ጨካኝ!» ብዬ ብድግ ስል ድንኳኑ ሙሉ ሰው ዞሮ «ዝም በይ እንጂ! ለቅሶ ላይ ነን እኮ!» አለኝ።

ለቅሶ ላይ መሆኔንማ ከኔ በላይ ማን ያውቃል።