ከቢቸና እስከ ሞጣ፤ የካራ መሳያ ፍለጋ

በጋው ገብቶ መንገዱ ሲጠና ከቢቸና ወደ ሞጣ የተነሣሁት የካራ መሳያ መኪና ልገዛ ነው። ይህን ግን ለማንም አልተናገርሁም። እኔ ከወሎ ተመድቤ የመጣሁ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነኝ፤ አገሬው «ዶክተር» ይለኛል። ዶክተሩ ማታ ማታ ብረት ሲፍቅ ቢታይ «ለካ ጠይብ ኖሯል» መባሉ አይቀርም። ያን ጊዜ ደግሞ የአለቃ ጥበቡን ልጅ አበራሽን ለማግባት ሽማግሌ ልኬ መልስ እጠብቅ ነበር። አለቃ ብራና ፍቀው መጽሐፍ የሚጽፉ ቁም ጸሐፊ ናቸው። አጥንት በመቁጠርም የሚስተካከላቸው የለም።

ካራ መሥራት የጀመርሁት ከወደቀ የመኪና ባሌስትራ ነው። ክረምቱን ሙሉ በእጅ ሞረድ ስፍቅ ከርሜ የወጣልኝ ነገር ካራም ማንኪያም አይባልም ነበር። ከሞጣ የመጣ አንድ ታካሚ እዚያ ሐጂ ሰይድ የሚባሉ ባለወፍጮ ሁለት ዓይነት መሳያ መኪና እንዳላቸውና አንዱን እንደሚሸጡ ሲነግረኝ ፈቃድ ጠየቅሁ።

መነሻ

ጠዋት የጭነት መኪናው ዘንድ ስደርስ ጋቢናው ውስጥ አለቃ ጥበቡ ተቀምጠዋል። ነጭ ጥምጥማቸው ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረው። ጉልበታቸው ላይ በነጠላ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዘዋል።

«ወዴት ነው ዶክተር?»

«ሞጣ ነው አለቃ።»

«ለምን ጉዳይ?»

«ለስለት ነው» አልሁ። ስለት የካራ አፍም ነው፤ ለታቦት የሚገባም ነው። እንግዲህ አልዋሸሁም።

ፊታቸው በራ። «ለጊዮርጊስ ነዋ! እኔም ጥላ ተስዬ ላገባ ነው። ና፣ አጠገቤ ግባ።»

በአንድ ብር ከእህል ጆንያ ላይ ልቀመጥ የነበርሁት ሰውዬ ሁለት ብር ከፍዬ ጋቢና ገባሁ። ጥላው በእኔና በሾፌሩ መካከል ተጋደመ፤ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ጎኔን ይወጋኛል። አለቃም ዝም አላሉም።

«ምን አግኝተህ ተሳልህ?»

«ገና አላገኘሁም፤ ላገኝ ነው።»

«ሳያገኝ የሚከፍል! እምነትህ ጽኑ ነው» አሉና ለሾፌሩም አሞገሱኝ። ሾፌሩ በመስተዋቱ አየት አድርጎኝ መሪውን ያዘ።

ደብረ ወርቅ ላይ ቆመን፣ ዕለቱ ረቡዕ ነበርና ሽሮ በላን። ከዚያ ወዲያ ሜዳው ጤፍ እየታጨደበት እስከ ዓይን ጥግ ቢጫ ነው። ጉንደ ወይን ሳንደርስ አንድ ወንዝ መሻገሪያ ላይ ጎማው ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ሁላችንም ሱሪያችንን ሰብስበን ገፋን። አለቃ ብቻ ጋቢና ቀርተው «በርቱ፣ በርቱ» ይላሉ። መኪናው በወጣበት ቅጽበት ጭቃው በሙሉ እኔ ላይ ወጣ። «ለጊዮርጊስ ብለህ ነው፤ አይቆጭህ» አሉኝ። ፀሐይ ስትጠልቅ ሞጣ ገባን።

ሞጣ

በማግስቱ ጠዋት ጊዮርጊስ ሄደን አለቃ ጥላቸውን አገቡ። ቆንጆ ጥላ ነበር፤ ዘርፉ ወርቅማ። ካህናቱ መርቀዋቸው እንደወጣን ወደ እኔ ዞሩ።

«የአንተስ?»

«የእኔ ገበያ ነው ያለው አለቃ።»

«እንግዲያው አብረን እናምጣው።»

አይሆንም ማለት አልተቻለኝም። በየሱቁ ደጅ እየቆምሁ ማር ባደንቅ፣ ሻማ ብጠይቅ፣ ሽማግሌው አልሰለች አሉ። የሞጣ መንገድ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ጣለን። ሐጂ ሰይድ ዱቄት የለበሱ ረጅም ሰው ናቸው። ገና ሲያዩኝ ታካሚዬ እንደነገራቸው ገባኝ።

«ካራ ሠሪው ዶክተር፣ መጣህ? ግባ፣ ግባ።»

አለቃ ቆሙ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። የተማሪ ቅኔ እንደሚያርም መምህር መሬት መሬት አዩ።

«ስለት» አሉ ቀስ ብለው። «ሰሙን ለእኔ ሰጥተህ ወርቁን ለሐጂ አስቀመጥህላቸው።»

አበራሽን እዚያው ወፍጮ ቤት በር ላይ በልቤ ተሰናበትኋት። አለቃ ግን እጃቸውን ከካባቸው ስር ሰደው ብራና የሚፍቁበትን ካራ አወጡ። «መኪና የምትገዛ ከሆነ በዚህ ፈትነው።»

የመጀመሪያው መሳያ ከወፍጮው ሞተር በቺንጋ የሚዞር ነው። በሁለት ጎማ ላይ የተወጠረ የሸራ ቀበቶ ይሮጣል፤ ሸራው ላይ አሸዋ በሙጫ ተጣብቋል። ሐጂ ሞተሩን ሲያስነሡ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። ካራውን ጠጋ ሳደርገው የእሳት ፍንጣሪ እንደ ርችት ተበተነ። ደስ ብሎኝ ነበር። አንሥቼ ሳየው ጫፉ የለም፤ አፉም ሰማያዊ ሆኗል።

«ነደደ» አሉ ሐጂ። «የነደደ ብረት ስለት አይዝም።»

ይቅርታ ልጠይቅ ስዞር አለቃ ጉዳቱን ለማየት ጎንበስ ብለው ኖሯል። የሸራው ቀበቶ በዚያች ቅጽበት ተበጥሶ ተወነጨፈና የጥምጥማቸውን ጫፍ ይዞ ጎማው ላይ ጠቀለለው። ጥምጥሙ እየተፈታ ክንድ ክንድ ሲሄድ አለቃ እንደ እንዝርት ዞሩ። ሐጂ ሞተሩን ሲያጠፉ ሊቁ ራሰ በራቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው ቆመዋል። እህል ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ።

ሐጂ ሁለተኛውን መሳያ አወጡ። እንደ ልብስ ስፌት መኪና በእግር የሚረገጥ ክብ ድንጋይ ነው፤ ከሥሩ ውሃ የሚያዝበት ገንዳ አለው። ረገጥሁት። ድንጋዩ እያጉተመተመ፣ ውሃውን እየጠጣ ዞረ። ብረቱ አልጋለም፤ ስሳሳት እግሬን ሳቆም ድንጋዩም ቆመልኝ።

አለቃ በአንድ እጃቸው ራሳቸውን እንደሸፈኑ በሌላው ድንጋዩን ዳበሱ። «ይሄኛው ሰውን ይጠብቃል» አሉ። «ያኛው ሙያውን የጨረሰ ሰው ነው የሚፈልገው።»

ሐጂ ዋጋ ሲጠሩ እኔ ኪሴን ስዳብስ አለቃ ከጎማው ላይ የተረፈውን ጥምጥም አንሥተው በፊታቸው ዘረጉት፤ ጥቁር ዘይት ጠጥቷል። ሐጂ ዋጋውን በግማሽ አወረዱ፤ ትንሽ ቆይተውም አንድ ጣሳ ማር ጨመሩ።

መመለሻ

በመልሱ ጉዞ ድንጋዩ እንዳይሰነጠቅ ጋቢና ገባና እኔ ከጆንያ ላይ ወጣሁ። ቢቸና ስንደርስ ገበያ ቆሟል፤ መሳያውን ሳወርድ ሰው ከበበን። አንድ የእህል ነጋዴ መሳያውን ዞሮ አየና «ዶክተር፣ ይሄ ምን የሚሉት ወፍጮ ነው?» አለ።

«የእኔ ነው» አሉ አለቃ ከጋቢናው እየወረዱ። «ካራ እሠራበታለሁ።»

ነጋዴው ጉሮሮውን ጠራርጎ ወደ ጤፉ ተመለሰ። አለቃ ጥበቡን ጠይብ የሚል አፍ ቢቸና ውስጥ አልተፈጠረም። መሳያው እቤታቸው ገብቶ ብራና ከሚወጥሩበት ደጅ ላይ ተተከለ፤ እኔም ከሥራ ስወጣ እዚያ እሄድ ጀመር።

ካራ መሥራት ለሚጀምር ሰው ይህ ጉዞ ያስተማረኝን ልንገረው። ፈጣኑ መሳያ ሥራህን ብቻ ሳይሆን ስሕተትህንም ያፈጥነዋል። እግርህ ሲቆም የሚቆመውን ግዛ፤ ውሃም አይለየው። የሰው ካራ ይዘህ መኪና አትሞክር።

መጀመሪያ የሠራሁት ያንኑ ያበላሸሁትን ነው። የነደደውን ፍቄ እስክጨርስ የገና ጾም ተፈታ፤ ካራው አጠረ፣ ግን ስለት ያዘ። አለቃ ብራና ፍቀው ሞከሩት። ካራውን ወደ ሰገባው እየመለሱም እንዲህ አሉኝ፤

«ሽማግሌዎችህ እሑድ ይምጡ። አንተ ደግሞ ለድግሱ የሚሆን ካራ ጀምር፤ በሬው ትልቅ ነው።»