አቦይ ሐጎስ ያነበቡት ዝርዝር

መቐለ የማስተምር የደሴ ልጅ ነኝ። ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ ከሚገኘው የፍቅረኛዬ የለተብርሃን ቤት ሄጄ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቷ ፊት ቀረብኩ።

አባቷ አቦይ ሐጎስ በቀላሉ የሚስቁ ሰው አይደሉም። ገና ከመቀመጤ «በል ወደይ፣ ልጄ፣ ዝምድና እንዳይኖረን የአያቶችህን ስም እስከ ሰባት ቤት ጻፍልኝ» አሉኝ። ላቤን እየጠረግኩ ደብተሬ ላይ ጻፍኩና ሰጠኋቸው። እሳቸው ግን ሌላ ገጽ ገለጡ። እዚያ ገጽ ላይ፣ ከተማሪዎቼ ጋር ስንከራከርባቸው የሰነበትናቸውን የኮሚክ መጻሕፍት የጠፈር ኃያላን በጉልበት ደረጃቸው ጽፌአቸው ነበር።

«አንደኛ፣ ሁሉን ያስገኘው። ሁለተኛ፣ በዓለማት ላይ የሚፈርደው። ሦስተኛ፣ ፀሐይ የሚውጠው» ብለው ጮክ ብለው አነበቡ። ከዚያ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና «ፀሐይ የሚውጠው በእናትህ በኩል ነው በአባትህ?» አሉኝ።

ለተብርሃን ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«አቦይ፣ ዘመዶቼ አይደሉም፤ በሥዕል የሚተረክ ተረት ነው» አልኩ። እዚያ ላይ ማቆም ስችል መተንተን ጀመርኩ። «ይኼኛው ፀሐይ ይውጣል፤ ግን ሲርበው ስለሚደክም ከፈራጁ በታች አደረግኩት።»

አቦይ ሐጎስ ደብተሩን ዘግተው መለሱልኝ። በቃ፣ ልጃቸውን አይሰጡኝም ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

«ስማ» አሉኝ በመጨረሻ። «ሽማግሌ ስትልክ ፈራጁ ይምጣ። ያንን ፀሐይ የሚውጠውን ግን እንዳታመጣብኝ፤ ድግሱን ብቻውን ይጨርሰዋል።»