ከሃያኛው ደረጃ በላይ

መጋረጃ ሰፊዋ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሱቋን በር ገርበብ ታደርግና ጨርቅ የምትቆርጥበትን ረጅም ጠረጴዛ ታጸዳለች። መቀሱና ሜትሩ ወደ መሳቢያ ይገባሉ፤ ትራፊ ግራጫ ጨርቅ ይነጠፍና በልብስ ሰፊ ጠመኔ ወንዝና ዋሻ፣ ግንብና የተዘረፈ መንደር ይሣልበታል። በዚያ አገር የሚንቀሳቀሱት ሰዎች ቁልፎች ናቸው። የጎረቤቷ የፀጉር አስተካካዩ ሰው ጥቁር የሸሚዝ ቁልፍ ነው፤ የወዳጇ የነርሷ ነጭ የቀሚስ ቁልፍ፤ የታላቅ ወንድሟ ደግሞ አውራ ጣት የሚያህል የካፖርት የነሐስ ቁልፍ። መርጦ ያነሳው እሱ ራሱ ነው። የቁልፍ ሳጥን እንኳ ቢዘረጋለት ትልቁን ሳይዝ አይነሳም።

ጨዋታው ለማያውቀው ሰው በአጭሩ እንዲህ ነው። ሁሉም የየራሱን ሰው በሐሳቡ ይፈጥራል፤ ያ ሰው ምን እንደሚያደርግ በአፉ ይናገራል፤ ነገሩ የሚያጠራጥር ሲሆን ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር የተጻፈበት ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ይጣላል፣ ቁጥሩ ከፍ ካለ ነገሩ ይሳካል፤ የሆነውን ደግሞ አጫዋቿ ትተርካለች። አጫዋቿ መጋረጃ ሰፊዋ ናት። ሰዎቹ የሚነሱት ከአንደኛ ደረጃ ነው፤ አንደኛ ደረጃ ማለት ውሻ ነክሶ ሊገድለው የሚችል ሰው ማለት ነው። ከሞት እያመለጡ ቀስ በቀስ ያድጋሉ። የሕጉ መጽሐፍ ሃያኛው ደረጃ ላይ ያበቃል። መጽሐፉን የጻፈው ማንም ይሁን ማን፣ የት ላይ መቆም እንዳለበት ያወቀ ሰው ነው። ጋሼ ግን ይህን ዕውቀት አልታደለም።

ጋሼ የምትለው ያንኑ ታላቅ ወንድሟን ነው። ወላጆቻቸው ሲሞቱ እሷ ገና የወተት ጥርሷን አልነቀለችም ነበር። ፀጉሯን እየጎተተ የሠራት፣ እጇን ይዞ ትምህርት ቤት ያደረሳት፣ ሲያተኩሳት ቁጭ ብሎ ያደረው እሱ ነው። ስለዚህ በሕይወቷ አንድም ቀን “አይሆንም” ብላው አታውቅም። ደንበኞቿን ግን ትችላቸዋለች። መስኮታቸው ተጣሞ ሳለ መጋረጃው አጠረ ብለው ለሚመጡት ሁሉ ሜትሯን ዘርግታ አፋቸውን ታስይዛቸዋለች። ሰኞም ማክሰኞም ከስፌት መኪናው ጋር ስትንጫጫ ትውላለች፣ ማታ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ብቻዋን ትበላለች፣ ብቻዋን ትተኛለች። ቅዳሜ ብቻ ነው ሰው የምትሆነው።

ጋሼ በወጣትነቱ የውሃ መሥሪያ ቤት ቧንቧ ጠጋኝ ነበር፣ ያውም ጎበዝ። ብረት አስፋልቱ ላይ ተክሎ ጆሮውን በመለጠፍ ውሃው ከየት እንደሚያፈስ ይናገር ነበር። ከዚያ ሾሙት። እየሾሙ እየሾሙ ከቧንቧው አራቁትና በመጨረሻ ከፍተኛ አማካሪ አደረጉት። አማካሪ ተባለ እንጂ የሚያማክረው አላገኘም። ሰፊ ጠረጴዛና የሚሽከረከር ወንበር አለው፤ ጠዋት ገብቶ ጋዜጣ ይዘረጋል፣ ከሰዓት ገብቶ ያንኑ ጋዜጣ ያጥፋል። ስለ ሥራው ለጠየቀው ሁሉ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ “ኃላፊነቱ ከብዷል” ይላል።

በጨዋታው የጋሼ ሰው ነበልባል የሚባል ጠንቋይ ነው። ነበልባል ሃያኛ ደረጃ የደረሰው በችሎታው እንዳይመስላችሁ። አንዴ ወንዝ ወስዶታል፤ ጋሼ “ዳይሱ የቆመው የጨርቁ እጥፋት ላይ ነው፣ ይደገም” አለ፤ ተደገመ። ሌላ ጊዜ መርዝ ጠጥቷል፤ “እኔ እኮ መጀመሪያ አሽትቼዋለሁ” አለ፤ አሽትቷል ተባለ። ከገደል ወድቆም “ገመድ ይዣለሁ ብዬ ነበር” ያለውን ከእሱ በቀር የሰማ የለም፣ ገመዱ ግን ተገኘ። እህቱ “እሺ ጋሼ” ባለች ቁጥር አንድ ደረጃ ይጨምራል። እንዲህ ተደርጎ ያደገ ጠንቋይ ነው እንግዲህ ሰማይና ምድር ይጠበኛል የሚለው።

ካደገ በኋላማ ጉድ ፈላ። ነበልባል የሞተ ስለሚያስነሳ የሚያስፈራ ነገር ጠፋ። በዓይን ጥቅሻ ካሻው አገር ስለሚደርስ መንገድ ቀረ። ያልገባውን ሁሉ መናፍስት ጠርቶ ስለሚጠይቅ ምስጢር የሚባል ነገር አልተረፈም። የሚመክተው ጠላት እንዲገኝ ሲባል፣ ትናንት ዶሮ ሲሰረቅ ያንቀላፋው የመንደር ዘበኛ ዛሬ ተራራ የሚገለብጥ ጀግና ሆኖ ተነሳ። ነበልባል አንዴ ለመምታት የሚደምረው ቁጥር ከመብዛቱ የተነሳ፣ ዳይሱ ላይ አንድም ወጣ ሃያ ልዩነት የለውም። እሱ ደምሮ እስኪጨርስ ነርሷ የሹራብ እጅጌ ትጨርሳለች። ይኸ ጨዋታ ከተባለ ግብር መክፈልም ጨዋታ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ሃያኛው ላይ ሲደርስ ጠንቋዩን በክብር ጡረታ ያወጣው ነበር። ጋሼ ግን በዚያ ባዶ ቢሮው ተቀምጦ ሕግ አረቀቀ። በመሥሪያ ቤቱ ወረቀት፣ በመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ አስተይቦ፣ በፕላስቲክ አስጠርዞ፣ ሽፋኑ ላይ “ከሃያኛው እስከ አርባኛው ደረጃ” ብሎ ይዞ መጣ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። አንቀጽ ሦስት “ከሃያኛው ደረጃ በላይ የደረሰ ሰው አይሞትም” ይላል። አንቀጽ አራት ደግሞ “ከሞተም እንዳልሞተ ይቆጠራል” ይላል። በአርባኛው ደረጃ ላይ ያለ ሰው ያሰበው ሁሉ ወዲያው ይሆናል፤ ዳይስ መጣል አያስፈልገውም።

“አነበብሽው?” አላት።

“አነበብኩት፣ ጋሼ።”

“እና ይሠራል?”

ምን ይሠራል! ሕግ ለማይችል ሰው ነው፤ ሁሉን የሚችል ሰው ሕግ ምን ያደርግለታል? ላም አለኝ በሰማይ ነው እንጂ! ይህን ሁሉ አሰበችና “ይሠራል” አለችው። በልቧ ናቀችው። ያሳደጋትን ሰው መናቋ ራሷን አስደነገጣት፤ ግን ናቀችው።

ነበልባልም በዚያው ቀን አርባኛ ደረጃ ገባ። በሁለት ቅዳሜ ውስጥ የቀረ ጠላት፣ ያልተገለጠ ዋሻ፣ ወደ ዙፋኑ ያልተመለሰ ንጉሥ አልነበረም። ጋሼ ያሰበውን ይናገራል፣ እሷ “ሆነ” ትላለች፣ ሌሎቹ ጥፍራቸውን ያያሉ።

በሦስተኛው ሳምንት ፀጉር አስተካካዩ ወደ ሱቋ ብቅ ብሎ፣ “እኔ ቅዳሜን ለሚስቴ ልመልስላት መሰለኝ” አላት። “እዚያ ቢያንስ ጠብ አለ።”

ነርሷም ከኋላው ቆማ ነበር። “እውነቱን ነው። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ የምመጣው ሰው ቁጥር ሲደምር ለማየት አይደለም።”

እነዚህ ሁለቱ ከቀሩ ቅዳሜም እንደ ማክሰኞ ሊሆንባት ነው። መጋረጃ ሰፊዋ ለመነቻቸው። “ኧረ በናታችሁ! አዲስ ሰው ፍጠሩ፣ ከአንደኛ ደረጃ። አንድ ቅዳሜ ብቻ ስጡኝ።”

ሰጧት። ፀጉር አስተካካዩ ጨለማ የሚፈራ ሌባ ፈጠረ፤ ነርሷ ደግሞ ደም ስታይ የምትወድቅ ሐኪም። ተልእኳቸው ከወፍጮ ቤት ውስጥ የተቆለፈባትን የአንዲት ድሃ ሴት ፍየል ማስለቀቅ ነበር። ሌባው የበሩን ቁልፍ በሽቦ ሊከፍት ሞከረ፤ ዳይሱ ሁለት አለ፤ ሽቦው ተሰበረ። ሐኪሟ በመስኮት ልትገባ ስትል ወገቧ ላይ ተቀርቅራ ቀረች። ሌባው እግሯን ይዞ ሊስባት ሲል ጫማዋን ይዞ ወደቀ። ሦስቱም ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው እንባ እስኪያነቡ ሳቁ። መጋረጃ ሰፊዋ እንዲህ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ!

ጋሼ አልሳቀም። የነሐሱን ቁልፍ አንስቶ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ አኖረው።

“ነበልባል በሩን ይከፍታል” አለ።

መጋረጃ ሰፊዋ እንደ ልማዷ መለሰች፤ “ተከፈተ።”

“ሐኪሟን ከመስኮቱ ያወርዳል። ፍየሏንም ለባለቤቷ ይመልሳል።”

“ተመለሰች።”

 

“ጋሼ፣” አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ “እርስዎ እያሉ እኛ ምን እንሥራ?”

“አገዝኳችሁ እኮ!”

“አይተናል። ያኑርልን።” ዳይሱን ከጠረጴዛው አንስቶ ኪሱ ከተተ። ነርሷ ሹራቧን መጠቅለል ጀመረች። ሁለቱም እንደማይመለሱ መጋረጃ ሰፊዋ ከፊታቸው አነበበች።

“ቆዩ” አለቻቸው። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። “ጋሼ፣ ነበልባል ምን ይፈልጋል?”

“ምን ማለትሽ ነው?”

“ሁሉን ይችላል ብለሃል፣ እሺ ይቻል። ግን ምን ይፈልጋል? የሚናፍቀው ሰው አለው? የሚገባበት ቤት አለው? ምን ብሎ ነው ጠዋት የሚነሳው?”

ጋሼ የነሐሱን ቁልፍ አየ። ያስጠረዘውን መጽሐፍ ገለጠ፣ ወደ ኋላ መለሰ፣ ደግሞ ገለጠ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። የራሱ ሕግ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን አንቀጽ አልጻፈም።

“አርባ አንደኛ ደረጃ ነው የሚፈልገው” አለ በመጨረሻ።

ፀጉር አስተካካዩ ሳቁን በእጁ አፈነ።

“የለም” አለች መጋረጃ ሰፊዋ።

“ምን አልሽ?”

“አርባ አንደኛ የለም። አርባም የለም፣ ጋሼ። ይኸ ሁሉ ደረጃ እኔ ፈርቼህ የሰጠሁህ ነው።”

“እኔን? ያሳደግኩሽን?”

“አዎ፣ አንተን። ያሳደግከኝን አልረሳሁም፣ እስክሞትም አልረሳውም። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ግን አንደኛ ደረጃ ነህ። መጫወት ከፈለግክ ወረቀቱ ይኸው።” ባዶ ወረቀትና እርሳስ ወደ እሱ ገፋች።

ጋሼ ወረቀቱን የስንብት ደብዳቤ ያህል አየው። ተነሳ፣ ኮቱን ቆለፈ፣ መጽሐፉን በብብቱ ያዘና ገርበብ ያለው በር ጋ ሲደርስ ቆመ። የቆመው ተቀመጥ እንዲሉት ነው፤ ይህን የማያውቅ ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። መጋረጃ ሰፊዋ አንድ ቃል ብትተነፍስ ይመለስ ነበር፤ በሳምንቱም አርባ ሁለተኛ ደረጃ ይጠይቅ ነበር።

“ተራው የማን ነው?” አለች።

ፀጉር አስተካካዩ አንዴ እሷን አንዴ በሩን አየ። “የእኔ ነበር። ግን ወፍጮ ቤቱ ተከፍቷል አይደል እንዴ?”

“አልተከፈተም።”

ዳይሱን ከኪሱ አውጥቶ ጣለ። አራት ወጣ። ሌባው ትከሻውን በሩ ላይ ሰብሮ ወደ ኋላው ተንከባለለ፤ ነርሷ ከት ብላ ሳቀች። ጋሼ ሳቋን እየሰማ ወጣ፤ መጋረጃ ሰፊዋ በመስታወቱ በኩል እስከ መታጠፊያው ድረስ በዓይኗ ሸኘችው። ከዚያ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ ፍየሏ ከውስጥ ሆና መጮህ እንደጀመረች ነገረቻቸው።