የፍሬን ሸራ የሚያሸት ሰው

ረድዋን የመኪና ዕቃ መሸጫውን ከከፈተ ጀምሮ እንዲህ ያለ ገዢ ገጥሞት አያውቅም። ሰውዬው ሽርጡን ከፍ አድርጎ ታጥቋል፤ አንድ የዛገ አሮጌ የፍሬን ዲስክ እንደ ሕፃን ታቅፏል። ለቤት መኪና አዲስ ዲስክና የፍሬን ሸራ ነው የፈለገው። ዲስኩንስ ከአሮጌው ጋር ገጥሞ ቶሎ መረጠ። ሸራው ላይ ግን ቆመ። ካርቶኑን ሁሉ ያስከፍታል፣ በጥፍሩ ይቧጭራል፣ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ያሸታል።

«አባባ፣ ሽቶ አይደለም እኮ የሚገዙት» አለ ረድዋን ታክቶት።

«አውቃለሁ ልጄ። ያንን ደግሞ አምጣው።»

ረድዋን እየተነጫነጨ መሰላሉ ላይ ወጣ። ከጣርማ በር ቁልቁለት የወረደ ከባድ መኪና እዚህ ሮቢት ሲደርስ ፍሬኑ ምን እንደሚሸት የማያውቅ የለም። ሰውዬው የማይሸት ሸራ የሚፈልግ መሰለው።

«ሲቃጠል የማይሸት የለም አባባ። ይሄኛው ትንሽ ይሻላል፤ ያ ግን ገና ሲግል ይከረፋል። እርስዎ ነዎት የሚነዱት?»

«እኔማ መሪ ጨብጬም አላውቅ። ልጄ ናት። መንጃ ፈቃድ ያወጣችው አሁን በቅርቡ ነው። ነገ ደብረ ብርሃን ወጥታ እናቷን ከሆስፒታል ይዛ በጣርማ በር ትወርዳለች።»

«ታዲያ አብረዋት አይሄዱም?»

«‹አባዬ፣ አንተ ካለህ እጄ ይንቀጠቀጣል› አለችኝ።»

ሰውዬው ቶሎ የሚከረፋውን ሸራ አነሳና ከዲስኩ ጋር ወደ ደረቱ አስጠጋው።

«ይሄ ይሁንልኝ። እኔ ከጎኗ የለሁ፤ እሱ ቀድሞ ይንገራት።»